እህቴ፣ ላፕቶፑን አትሽጪው!

ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ «እስኪረፍድ ፊቴን አላሳይም» ብሏል፤ የፒያሳ ሻይ ቤቶች እንደ ልማዳቸው ሞቅ ደመቅ ብለዋል። ዛሬ ግን እንደ ወትሮው ስለ ከዳተኛ ፍቅረኛና ስለ ቀናተኛ ባል አናወጋም። አንድ ደብዳቤ ደርሶኝ እንቅልፍ ነስቶኝ ሰንብቷል፤ ዓምዱን ሙሉውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። (እጮኛ አለበትና የፍቅር ጉዳይ የምትወዱ ቶሎ ገጹን አትግለጡ!)

ጸሐፊዋ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 29። እንዲህ ትላለች፦

«… ትምህርቴን ከ10ኛ ክፍል አቋርጬ ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርቼ ተመልሻለሁ። ስመጣ ማዳሜ ልጆቿ የጣሉትን ላፕቶፕ ሰጥታኝ ነበር። ፊልም አይበታለሁ፣ ጽሕፈትም እለማመድበታለሁ። አሁን ተንቀራፎ አስመረረኝ። ጥገና ቤት ብወስደው ልጁ ‹ይሄ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ጊዜው አልፎበታል፤ 11 ደግሞ አይቀበልም። በ6 ሺህ ብር ልገላግልሽ› አለኝ። እጮኛዬ ‹ሽጪውና ለሰርጋችን ይሁን› ይላል። እናቴ ‹ተመልሰሽ ሂጂ እንጂ፣ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቆሞ ቀረ› ትለኛለች። ደላላውም ፓስፖርቴን ይዞ ‹እስከ ወር መጨረሻ ቁርጥሽን ንገሪኝ› ብሎኛል። እኔ ግን ደሴ ሄጄ ግድግዳ ላይ ‹የሊኑክስና የኦፕን ሶርስ መግቢያ ኮርስ፣ ለጎልማሶች፣ አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ› የሚል ማስታወቂያ አየሁና ልቤ እዚያ ቀረ። ሊኑክስ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ፣ በ10ኛ ክፍል ትምህርት ይሆንልኛል? ወይስ መሳቂያ ነው የምሆነው? ምከረኝ ወንድሜ…»

አይ እህቴ! እንዴት ያለ ቦታ ላይ ቆመሽ ነው የጠየቅሽኝ! ደግነቱ ያን ማስታወቂያ አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት እኔም እዚያው ክፍል፣ እዚያው የሚንቀጠቀጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተምሬያለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ሰምቼ አይደለም።

በመጀመሪያ የጥገና ቤቱ ልጅ አልዋሸሽም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይህ ማለት ማሽኑ በዚያ ቀን ሞተ ማለት አይደለም። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት እንደ ድሮው የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። ቫይረስ የሚገባበት በር እየበዛ፣ የሚዘጋው እየጠፋ ይሄዳል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ መራጭ ነው፤ ቲፒኤም የሚሉት የደህንነት ቺፕና አዲስ ቢጤ ፕሮሰሰር ካላገኘ አልገባም ይላል። እንዲህ እየሆነ በዓለም ዙሪያ እጅና እግሩ ደህና የሆነ ስንትና ስንት ኮምፒዩተር «አርጅተሃል» ተብሎ ከበር ተመልሷል። ልጁ ያልነገረሽ ግማሽ የቱ ነው? ያ ማሽን ሌላ ነፍስ ሊዘራበት ይችላል። ለመሆኑ በ6 ሺህ ብር ወስዶ ምን የሚያደርገው ይመስልሻል? መቼም አይጥለው!

ሊኑክስ ምንድን ነው ላልሽው … ኮምፒዩተር ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሹፌር እንደሌለው ሚኒባስ ነው፤ ቆሞ ይቀራል። ዊንዶውስ አንዱ ሹፌር ነው። ሊኑክስ ሌላው። ወሬው ለዓለም የተሰማው ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? እኛ ግንቦት 20 ቀን 1983 መንግሥት ተለውጦብን ገና «ምን ይመጣ ይሆን» ስንል፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ለመሰሎቹ መልእክት ላከ፤ ለመዝናኛ ያህል የራሴን ኦፕሬቲንግ ሲስተም እየሠራሁ ነው፣ ምን ቢጨመርበት ትወዳላችሁ የሚል። ከእሱ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ፣ መስከረም 16 ቀን 1976፣ ልክ በደመራ ቀን፣ ማንም የሚጠቀምበት፣ ማንም የሚያሻሽለው ሲስተም ልሠራ ነው ብሎ አውጆ ሥራ ጀምሮ ነበር። የሁለቱ ድካም ተጋጠመ። ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ከዚያ ጋብቻ የተወለደውን ነው።

«ኦፕን ሶርስ» የሚለውን ደግሞ ከእርሾ የተሻለ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም። ጎረቤትሽ እርሾ አልቆባት ስትመጣ ቀንሰሽ ትሰጫታለሽ። ያንቺ አይጎድልም። እሷ አቡክታ፣ ጋግራ፣ በነጋታው ደግሞ ለሦስተኛዋ ትሰጣለች። እርሾ ወስዳ እርሾ የምትከለክል ሴት በሰፈሩ ምን እንደምትባል ታውቂያለሽ! ሊኑክስ የተሰራጨበት ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ይህንኑ በሕግ ቋንቋ የጻፈ ነው፤ ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጠውም ብትል ሽጠው፣ ነገር ግን ለሌላው ስታስተላልፍ እንዴት እንደተሠራ አትደብቅ፣ አንተ ያገኘኸውን መብት እሱም ያግኝ ይላል። ዊንዶውስ ግን ጋጋሪዋ ማድ ቤቱን ቆልፋ በመስኮት የምታቀብልሽ እንጀራ ነው። ይጣፍጥ ይሆናል፤ እርሾውን ግን አታይውም። በነገራችን ላይ «ነጻ» የሚለው ቃላችን «በነጻ ተሰጠ» እና «ነጻ ወጣ» እያልን በሁለት መንገድ እንደምንጠቀምበት ሁሉ፣ ፈረንጆቹም በዚሁ ቃል ሲምታታባቸው ኖረዋል። ስቶልማን ዕድሜውን ሙሉ የሚጮኸው ለሁለተኛው ነው። እኔና አንቺ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ደስ የሚለን አንደኛው ነው።

የባዕድ ነገር መስሎ እንዳይታይሽ። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ፣ ሳምሰንግም በይው ቴክኖ፣ ሆዱ ውስጥ የሚሠራው ከርነል የሊኑክስ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሊኑክስ ለእናትሽ ስትደውዪ ኖረሻል ማለት ነው! ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዓለም ግዙፍ ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒዩተሮች አንድም ሳይቀር የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን በጣም የታወቀውን የሊኑክስ ዓይነት በ1997 ዓ.ም. ያወጣው ኩባንያ መሥራች ማርክ ሻትልዎርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ስሙንም ከዚያው አገር ቋንቋ ነው የወሰደው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው እንደማለት ነው። እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልኩ ነበር።

አሁን ወደ ክፍሉ ልውሰድሽ። አንድ ፎቅ ወጥተሽ ጠባብ ክፍል ነው። ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች አሮጌ ናቸው። ደሴ ውስጥ አሮጌ ኮምፒዩተር አይናቅም፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ፣ ከተሞቹ ኅዳር 27 እስኪመለሱ ድረስ ከየመሥሪያ ቤቱና ከየሱቁ ስንት ንብረት ተጭኖ እንደሄደ ያየ ሰው የተረፈችውን ኪቦርድ እንኳ እንደ ጌጥ ያያታል። ተማሪዎቹ እነማን ናቸው? አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፣ 60 ያለፋቸው፤ የወሎን ተረትና ምሳሌ ሰብስቤ ሳልሞት ልጻፍ ብለው የመጡ። አንድ በያጅ ነበረ። አንዲት የማታ ተረኛ ነርስ፣ ሁለት የኮምቦልቻ የልብስ ስፌት ሠራተኞች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ እኔ። አስተማሪው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ነው። «ጋሼ» እያለ ያስተምራል እንጂ አይኮራም።

የመጀመሪያው ምሽት ጥቁር ስክሪን ነው፤ ተርሚናል ይሉታል። ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ፣ እንደ ጨለማ ጉድጓድ ነው የሚያይሽ። ትእዛዝ በጽሑፍ ትሰጪዋለሽ፤ ካላጠፋሽ ዝም ብሎ ይፈጽማል። «ኤል-ኤስ» ስትዪው ያለውን ዕቃ ይዘረዝራል፤ «ሲ-ዲ» ስትዪው ወደ ሌላ ክፍል ያሻግርሻል፤ «ፒ-ደብሊው-ዲ» ስትዪው የት እንደቆምሽ ይነግርሻል። በያጁ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አልመጣ ስላለው «ኪቦርዱ ተበላሽቷል! ክፍያዬን መልሱ!» ብሎ ጮኸ። ለካ ተርሚናል ላይ የይለፍ ቃል አይታይም፤ ሌላ ሰው ፊደሉን እንኳ እንዳይቆጥር ነው። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ሳቀና ፍርሃቱም አብሮ ሄደ። ደግሞ «ማን» የሚባል ትእዛዝ አለ። መምህሩ ጋሼ «ማን? ማን ምን አደረገ?» ሲሉ ትዝ ይለኛል። «ማንዋል» ከሚለው የተቆረጠ ነው፤ «ማን» ብለሽ የማንኛውንም ትእዛዝ ስም ብትጽፊ ማብራሪያውን ያወጣልሻል።

ይህን «ማን» እንደ ቀላል አትዪው። መጽሐፉ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት እንደቆየ የምትረሺው አይመስለኝም። ያን ጊዜ ከዩቲዩብ ላይ ብቻ ሲማር የነበረ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። «ማን» የሚያነብ ግን አልቆመም። ችግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ አልዋሽሽም። የ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛሽ መጀመሪያ ያንገዳግድሻል። ነገር ግን የሚደጋገመው ቃል መቶ ቢሆን ነው፤ ደብተር ይዘሽ ጻፊው፣ በሦስተኛው ሳምንት ፊቱ ይለመድሻል። የዓረብ ቤት ቋንቋ ያለ መዝገበ ቃላት የለመደች ሴት ይህ ያቅታታል ብዬ አላምንም።

ትምህርቴ አነሰ ላልሽው አንድ ነገር ልጨምር። በ2004 ዓ.ም. ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው የውጭ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌት በካርቶን አሽጎ፣ ያለ አስተማሪ ጥሎላቸው ሄደ። ሰውዬው በኋላ እንደተናገረው ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ የተቆለፈባቸውን የአንድሮይድ ማስተካከያ ሰብረው ካሜራውን ከፈቱት። ፈረንጅ ሲያደንቅ ትንሽ ያጋንናል ብለን ግማሹን እንኳ ብንቀንስ፣ 29 ዓመት ከ10ኛ ክፍል ጋር ምን ያንሰዋል?

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልናዘዝ። ወደዚያ ክፍል የገባሁት ብልጥ ሆኜ አይደለም። ከመማሬ በፊት ከጓደኛዬ ፍላሽ ተቀብዬ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሊኑክስ ልጫን አልኩ። መጫኛው «ዲስኩን በሙሉ ላጽዳው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳላነብ እሺ አልኩት። ጸዳ! የአራት ዓመት ጽሑፌ፣ ፎቶው፣ ሁሉም ሄደ። ጽሑፉስ ይቅር፤ እናቴ ከማረፏ በፊት በስልክ ቀድቼው የነበረውና እዚያ ያስቀመጥኩት ድምጿ አብሮ ጠፋ። ቡና እያፈላች «ጀባ!» ስትልና ስትስቅ ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ጥፋቱ የሊኑክስም የጓደኛዬም አልነበረም፤ የኔው ጣት ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ለምን ብለሽ ሳትጠይቂ ይህን ብቻ አድርጊልኝ፤ ምንም ከመንካትሽ በፊት ፎቶሽን፣ ቪዲዮሽን፣ የማዳሜን ልጆች ሥዕል ሳይቀር ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መጫን አያስፈልግሽም! ሊኑክስ ከፍላሽ ላይ ተነስቶ ይሠራል። ባዶ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይዘጋጅልሽ፤ ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ 12 ወይም ኤስኬፕ (እንደ ማሽኑ ይለያያል) ተጭነሽ ከፍላሹ እንዲነሳ ምረጪ። ዲስክሽ ሳይነካ ኢንተርኔቱን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን ትሞክሪያለሽ። ካልተስማማሽ ፍላሹን መንቀል ነው፤ ዊንዶውስሽ ባለበት አለ። ለአሮጌ ማሽን ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን እኔ እወደዋለሁ፤ ራምሽ 4 ጊጋ ከሆነ ደህና ነው፣ 2 ከሆነም እያቃሰተ ይሄዳል። መጻፊያው ሊብሬ ኦፊስ አብሮት ይመጣል። አማርኛም አይቸግርሽም። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ከድሮ ጀምሮ የደከሙበት «ሠራ» የሚባል አጻጻፍ አለ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትነካኪው ሰላም ብሎ ያወጣልሻል። ፊደላችንም እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ስለገባ ባዶ ሳጥን አታይም። ጋሼ ተረታቸውን የጻፉት በዚሁ ነው።

ኮርሱ ለሁሉም ሰው ነው ግን አልልም። የገንዘብ ያዥ ወይም የሒሳብ ሥራ የምትፈልጉ አንባብያን ካላችሁ ቀጣሪ የሚጠይቃችሁ ፒችትሪ ነው፤ ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው፣ ሊኑክስ ላይ እንዲሁ አይሄድላችሁም። የጽሕፈት ቤት ሥራ ያሰባችሁም ብዙው ሱቅ የለመደው ፓወር ግዕዝን ነው፤ እሱም እንደዚያው። መጀመሪያ እነዚያን ተማሩ። ሊኑክስ የሚጠቅመው የኮምፒዩተር ጥገና፣ የኔትወርክ፣ የሰርቨር ሥራ ለሚያስብ ነው። ወይም እንደ ጋሼ የራሱ ጉዳይ ላለው፣ ወይም እንዳንቺ ከእጅሽ ያለውን ማሽን ማዳን ለምትፈልጊ።

«በሦስት ወር ሥራ እናስይዛለን» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ሽሹ። አንድ ስሙን የማልጠራው ቦታ ወርቅማ ማኅተም ያለበት ሰርተፊኬት በሁለት ሳምንት ይሰጣል፤ ይዞት የወጣ አንድ ልጅ ፋይል መገልበጥ አያውቅም ነበር። ደህና ወረቀት የምትፈልጉ ኤልፒአይ የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት «ሊኑክስ ኢሴንሻልስ» የሚል የጀማሪ ፈተና አለው፤ 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ፣ ካለፋችሁ ጊዜ አያልፍበትም። የሚከፈለው ግን በዶላር ነውና እሱን አስቡበት። ገንዘብ ለሌለው የሊኑክስ ፋውንዴሽን «የሊኑክስ መግቢያ» ኮርስና የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ «ሊኑክስ አንሃችድ» በነጻ ይከፈታሉ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም የሰማችሁት ይመስለኛል፤ እሱ ኮድ መጻፍን፣ ዳታን የመሳሰለውን እንጂ ሊኑክስን ራሱን አያስተምርም፤ ቢሆንም አብሮ ይሄዳል።

ወደ አንቺ ልመለስ። እጮኛሽ ክፉ አይመስለኝም። 6 ሺህ ብር ለሰርግ ምን ያደርጋል ብለሽ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ ከበሬው አንድ እግር እንኳ አይወጣውም። ቅዳሜ አንድ ቀን አስከትለሽው ነይ፤ ከኋላ ይቀመጥና ይይ። የማይመጣ ከሆነም ያው አንድ ነገር ተማርሽ ማለት ነው። እናትሽን ግን አክብረሽ ስሚያቸው። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ክረምት ማሳለፍ ቀልድ አይደለም። እኔ ሊኑክስ ቆርቆሮ ይገዛል ብዬ አልዋሻቸውም። ኮርሱ ሦስት ወር ነው። ደላላው ያስቀመጠልሽ ቀን የእሱ ቀን ነው፤ ያንቺም የእናትሽም አይደለም። ትሄጂም አትሄጂም፣ ፓስፖርትሽ ያንቺ ነውና እጅሽ ላይ ይሁን። በሰው ኪስ ውስጥ ባለ ፓስፖርት የሚወሰን ውሳኔ ውሳኔ አይባልም።

የማታውን ፈረቃ ግን ተይው። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆኑም ሐረጎን በምሽት፣ በጉም፣ በዚያ ሁሉ ጥምዝ መውረድ አልመክርሽም። ሁለቱ የስፌት ሠራተኞችም መጀመሪያ ማታ ጀምረው መኪና ሲያጡ ቅዳሜ ጠዋት ተዛውረዋል። አስተማሪውን ብትጠይቂው አይከለክልሽም።

ዓምዱ እስኪወጣ መታገሥ ስላልሆነልኝ ስለ ፍላሹ ባለፈው ሳምንት በስልክ ነገርኳት። ከስፌት ሠራተኞቹ አንዷ ፍላሹን ኮምቦልቻ ድረስ አደረሰችላት። ይህን ጽፌ ልልክ ስል መልእክቷ መጣ፦ «ተነሳ! ከፍላሹ ተነሳ! እንደ አዲስ ነው የሚሮጠው። ግን ዋይፋይ አያይም፣ ምን አጠፋሁ?» አብሽሪ፣ ምንም አላጠፋሽም፤ አንዳንድ የዋይፋይ ካርድ ድራይቨሩ ተፈልጎ ይጫንለታል። እስከዚያ ስልክሽን በቻርጀሩ ገመድ ሰክተሽ ኢንተርኔቱን አጋሪው፣ ያየዋል። ቅዳሜ ይዘሽው ነይ አልኳት።

ፓስፖርቱን ገና አላስመለሰችም። ሰኞ ከእናቷ ጋር አብረው ወደ ደላላው ሊሄዱ ነው።